የታውኖ ሰሌዳ ዝም ያለበት መጸው

ሴፕቴምበር 8፣ እሑድ

ይህን ደብተር የገዛሁት ለመሥሪያ ቤት ነበር፤ የውኃ ግፊት ልኬት ልጽፍበት። ዛሬ ግን ንዴቴን የማኖርበት ሌላ ቦታ አጣሁ። ለሰው ብናገር «ሂልካ ደግሞ ጀመራት» ይሉኛል።

የታውኖ የብሬል ሰሌዳ ተበላሸ። አሥራ ሁለት ዓመት ያገለገለ ነው፤ በመጨረሻ ነጠብጣቦቹ አንድ በአንድ አንነሣም አሉ። የመርጃ መሣሪያ የሚያድለው መሥሪያ ቤት አሮጌውን ወስዶ አዲስ ሰጠው። ያው ኩባንያ የሠራው፣ አዲስ ሞዴል፣ ቀጭን፣ የሚያምር። ታውኖ ኮምፒውተሩ ላይ ሰካው። ምንም የለም። አርባውም ሕዋስ፣ እያንዳንዱ አንድ ፊደል የሚወጣበት፣ ጠፍጣፋ ሆኖ ቀረ።

ታውኖ ዓይኑን በልጅነቱ፣ ጆሮውን በአርባ ዓመቱ ያጣ ሰው ነው። ስክሪን አያይም፣ ስልክ አይሰማም። ዓለም ወደ እሱ የሚገባው በዚያች አንዲት መስመር ነው፤ ጣቱ ሥር ብቅ ጥልቅ በሚሉት ነጠብጣቦች። አለዚያ ሚስቱ ማይላ መዳፉ ላይ ፊደል በፊደል ስትነግረው ነው። ማይላ ደግሞ የቤት ለቤት ነርስ ናት፤ ጠዋት የወጣች ማታ ነው የምትመለሰው።

እኔ የኩውራ የብሬል ሰሌዳ ድራይቨሮች ኃላፊ ነኝ። ኩውራ በጎ ፈቃደኞች ተሰባስበን የምንሠራው ስርዓተ ክወና ነው፤ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅስ መሠረታዊ ፕሮግራም፣ ከዩኒክስ ቤተሰብ፣ ነፃ፣ ኮዱ ለማንም የተገለጠ። ታውኖ ሃያ ዓመት ሙሉ እንጀራውን የበላው በእሱ ላይ ነው። መመሪያዎቻችንን ሁሉ የሚያርመውም እሱ ነው። አሁን ታዲያ ኩውራ አዲሱን ሰሌዳ አያውቀውም። ለምን? ኩባንያው ሰሌዳው በምን ዓይነት ቋንቋ እንደሚናገር ለማንም አልገልጽም ስላለ። ጥፋቱ የእነሱ ነው። ይህን በትልቁ ጽፌ አስምሬበታለሁ።

ሴፕቴምበር 9

ለኩባንያው ጻፍኩ። በትሕትና። ሦስት ጊዜ አንብቤ ሁለት ስድብ አወጣሁ።

ሴፕቴምበር 12፣ ሐሙስ

በመሥሪያ ቤቱ ምግብ ቤት የሐሙስ የአተር ሾርባ። የፓምፕ ክፍሉ ፔንቲ ፊቴን አይቶ ምን ሆንሽ አለኝ። ነገርኩት። ድራይቨር ምን እንደሆነ አያውቅም፤ አስተርጓሚ ማለት ነው አልኩት፤ ኮምፒውተሩ አንድ ቋንቋ ይናገራል፣ ዕቃው ሌላ ይናገራል፣ ድራይቨሩ መሐል ሆኖ ያግባባቸዋል። አስተርጓሚው የዕቃውን ቋንቋ ካልተማረ ሁለቱ ተፋጠው ይቀራሉ። ጥሩ ገባው። ከዚያ ሰናፍጩን ሾርባው ላይ እየጨመቀ፣ «ታዲያ ሰውዬው ሁሉም ሰው የሚጠቀመውን ለምን አይጠቀምም?» አለኝ።

ሾርባዬን ትቼ ተነሣሁ። ይህን ጥያቄ በዚህ ሳምንት ብቻ ከአራት ሰው ሰምቻለሁ። አንድ ሰው ሃያ ዓመት የኖረበት ቤት ሲቆለፍበት «ሌላ ቤት ለምን አይገባም» እንደማለት ነው።

ሴፕቴምበር 17

መልስ መጣ። ሁለት መስመር። የሰሌዳው አሠራር የንግድ ምስጢር ነው። «ከዚህ ቀደም በጉዳዩ ላይ ያሳዩትን አቋም ስለምናውቅ ተጨማሪ መጻጻፍ ይጠቅማል ብለን አናምንም።»

አቋሜን ማወቃቸው ደስ ይበላቸው። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ መሐንዲሳቸው ጽፎልኝ የሚገባውን መልስ ሰጥቼዋለሁ። አሁንም አልጸጸትም። ዓይን ያወጣ ነገር ነው፤ በሕዝብ ግብር የሚገዛ ዕቃ፣ ለአካል ጉዳተኛ የሚታደል ዕቃ፣ አንደበቱ የአንድ ድርጅት ንብረት።

ሴፕቴምበር 20

ከታውኖ ኢሜይል። መጻፍ አላቃተውም፤ ጣቶቹ ኪቦርዱን ያውቁታል። የጻፈውን ግን መልሶ ማንበብ አይችልም፣ የምመልስለትንም አያነብም። እዚህ ልቅዳው፦

«ሂልካ፣ ይህ ይድረስሽ አይድረስሽ አላውቅም። ስህተት ካለበት ይቅር በይኝ፣ ዛሬ አላረምኩትም። ማይላ ትናንት ማታ የአንቺን ኢሜይል ግማሹን መዳፌ ላይ አነበበችልኝና እንቅልፍ ጣላት፤ እጄን እንደያዘች። ሌላው ግማሽ ምን ነበር? አትመልሺልኝ፣ ጥያቄ መጠየቅ ልማድ ሆኖብኝ ነው። የትምህርት ቤቱ የሒሳብ መጽሐፍ መቶ አርባኛው ገጽ ላይ ቆሟል። አሳታሚው እስከ ኖቬምበር አጋማሽ ይጠብቀኛል።»

ታውኖ የብሬል መጻሕፍት አራሚ ነው። ፋይሉ ሳይታተም በፊት በጣቱ ያነባል፤ አንዲት ነጠብጣብ ከተሳሳተች ዘጠኙ ስድስት ይሆንና ልጁ ፈተና ይወድቃል። እንደ ታውኖ የሚያርም በአገሩ አምስት ሰው አይገኝም።

ሌላው ግማሽ ኩባንያውን ስራገም ነበር። ባይደርሰውም ግድ የለም።

ሴፕቴምበር 29፣ እሑድ፣ ባቡር ላይ

ከዩቫስኪላ እየተመለስኩ ነው። ሁለት ቀን እነታውኖ ቤት ሰነበትኩ።

ላፕቶፔ ላይ የኩባንያውን ፕሮግራም፣ ከሚፈልገው የገበያ ስርዓት፣ ሁሉም ሰው ከሚገዛው ስርዓተ ክወና ጋር ጫንኩና ሰሌዳውን ሰክቼ በሽቦው የሚመላለሰውን ሁሉ ቀዳሁ። ሥራዬ ነው፤ ድሮም አራት ሰሌዳ እንዲህ አድርጌ ነው ያስተዋወቅኩት። ይኸኛው ግን ሲነቃ መጀመሪያ ጥያቄ ይጠይቃል፤ አሥራ ስድስት ቁጥር። ፕሮግራሙ ሌላ አሥራ ስድስት ቁጥር ይመልሳል። መልሱ ልክ ከሆነ ነጠብጣቦቹ ይነሣሉ፤ ካልሆነ ዝም። ጥያቄው በየጊዜው ይለያያል። መልሱ እንዴት እንደሚሠላ ሁለት ቀን ሙሉ ፈልጌ አላገኘሁም።

ቁልፍ አድርገውበታል። ማየት በማይችል ሰው ንባብ ላይ ቁልፍ። ይህን ያሰበው ሰው ማታ ቤቱ ገብቶ እራቱን በልቶ ይተኛል።

ታውኖ ሰሌዳው በእኔ ላፕቶፕ ላይ ሲነቃ እጁን ዘርግቶ አገኘውና ማንበብ ጀመረ። አሥር ደቂቃ ያህል አነበበ፤ የአየር ሁኔታ ነው መሰለኝ፣ ወይም ማስታወቂያ። ፕሮግራሙን ስለማያውቀው ከአንዱ ወደ ሌላው መሄድ አልቻለም፤ አንዱን መስመር መላልሶ አነበበው። ጣቶቹን ሳያነሣ፣ ጮክ ባለው ድምፁ፣ «ስለታም ነው። ከድሮው ይሻላል» አለ። ራሱን ስለማይሰማ ድምፁ ሁልጊዜ ከፍ ያለ ነው።

ስወጣ፣ ጫማዬን እያሰርኩ ሳለ፣ ማይላ «ይቺን ላፕቶፕ ትተሽለት ብትሄጂስ?» አለችኝ።

ለሥራው እንደምፈልጋት ነገርኳት። እውነት ነው፣ እፈልጋታለሁ። መሥሪያ ቤት ሌላ አለኝ፤ ግን የእኔ አይደለም። ደግሞስ አንዴ ያንን ስርዓት ከለመደ ኩባንያው ያሰበው ተሳካለት ማለት አይደለም? ማይላ የቀረፋ ዳቦ ጠቅልላ ሰጠችኝ።

ኦክቶበር 3

ጥያቄና መልስ። ጥያቄና መልስ። ከእነታውኖ ቤት ስድስት መቶ ጥንድ ቀድቼ መጥቻለሁ። አይገጥምም። በምሳ ሰዓት፣ በትራም ላይ፣ የግፊት መለኪያ ጥገና ስብሰባ ላይ ሳይቀር። አለቃዬ አየችኝ። ትየኝ እንግዲህ።

ኦክቶበር 10

የኩባንያው ጠበቃ ለማኅበራችን ደብዳቤ ላከ። ቁልፉን ለመስበር እየሞከርኩ መሆኔን የጋራ መጻጻፊያችን ላይ ስለጻፍኩ አንብበውታል። እንዲያነቡት ብዬም ነው የጻፍኩት።

ማታ ፍሌሚንግ ከኦርሁስ ደወለ። ፍሌሚንግ የኩውራ ሰብሳቢ ነው፤ ዴንማርካዊ፣ ረጋ ያለ፣ ረጋ ማለቱ ራሱ የሚያናድድ።

«ሂልካ፣ ይህ ኮድ እኛ ዘንድ አይገባም» አለኝ። «ክስ ከመጣ ማኅበሩ በሙሉ ነው የሚፈርሰው።»

ታውኖ ምን ይሁን አልኩት። አዝናለሁ አለ። ማዘን የሚችል ሰው ሁሉ እኮ ማንበብም ይችላል፤ ኢሜይሌን ያነባል፣ ጋዜጣ ያነባል።

«ለአንድ ተጠቃሚ ብለን…» ብሎ ጀመረና አቋረጥኩት። አንድ ተጠቃሚ አይደለም፤ ሌላው ሁሉ በዚሁ ሰበብ ትቶን ስለሄደ ነው አንድ የቀረው።

ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ታውቂያለሽ፣ ከዚያ ደብዳቤሽ በፊት ከእነዚያ ሰዎች ጋር መነጋገር ይቻል ነበር» አለ።

ስልኩን ዘጋሁበት።

ኦክቶበር 19

ከታውኖ፦ «ለማርች ስልጠና ተመዝግቤያለሁ። የገበያውን ስርዓት የሚያስተምረው ሰው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው የሚመጣው። እንዳትቀየሚኝ፣ ለማንኛውም ብዬ ነው። የድሮ ወረቀት መጻሕፍቴን ጨረስኩ። አንዱን ሁለቴ አነበብኩት፤ የንብ እርባታ ነው። ንብ የለኝም።»

አልተቀየምኩም። ግን እኔ እዚህ ጥርሴን ነክሼ ስታገልለት እሱ ወደዚያ ይመዘገባል። ለመሆኑ የማንን ትግል ነው የምታገለው?

በኋላ፦ የጻፍኩትን መልሼ አየሁት። ተወው።

ኖቬምበር 2፣ የቅዱሳን ቀን

እናቴ መቃብር ላይ ሻማ አበራሁ። ዝናብና በረዶ ተቀላቅሎ ይወርዳል፤ ሻማው ሁለቴ ጠፋብኝ። ሌሎቹ መቃብሮች ሁሉ ያበራሉ።

እዚያው ቆሜ ሳለሁ ማይላ ደወለች። ከሥራ መልስ መኪናዋ ውስጥ ነበረች። ታውኖ በቀን ብዙ መተኛት ጀምሯል አለች። ጠዋት ስትወጣ የተቀመጠበት ወንበር ላይ ማታ ስትመለስ ታገኘዋለች። እጁን ስትይዘው መጀመሪያ እጁን ይሰበስባል፣ ማን እንደሆነች እስኪያውቅ።

አሳታሚው ምን አለ አልኳት። እስከ አሥራ አምስተኛው ቀን ነው፣ ከዚያ ለሌላ ሰው ይሰጡታል አለች።

ስለ ኩባንያው ጠበቃ ልነግራት ጀመርኩ። አላስጨረሰችኝም።

«ታውኖ ሁልጊዜ ይገርመዋል» አለች። «እነዚያ ሰዎች ድሮ ጥሩ ነበሩ ይላል። አሮጌውን ሰሌዳ ሲሠሩ ወረቀቱን ሁሉ ሰጥተዋችሁ ነበር። በኋላ ለምን አኮረፉ? አንቺ ታውቂያለሽ?»

ኩባንያ ሲያድግ ይጠግባል አልኳት። ነፋስ ስለነበረ ከሰማችኝ እንጃ።

ኖቬምበር 5

የዚያን ጊዜውን ደብዳቤ ፈልጌ አገኘሁት። ሮልፍ ኤንግብሎም ይባላል፤ ቱርኩ ከተማ ያለው የኩባንያው መሐንዲስ። ሁለት ገጽ።

የመጀመሪያውን ገጽ አስታውሰዋለሁ። ምስጢር እጠብቃለሁ ብለሽ ከፈረምሽ የሰሌዳውን ሰነድ እንሰጥሻለን ይላል። ምስጢር የሚለውን ቃል ሳይ ደሜ ፈልቶ ነበር።

ሁለተኛውን ገጽ አላነበብኩትም።

ኖቬምበር 6

አሁን አንብቤዋለሁ። የሚጠበቀው የሰነዱ ምስጢር ብቻ ነበር፤ ድራይቨሩን ግን እንደልቤ ጽፌ ለዓለም ላወጣው እችል ነበር። ደግሞም፣ በቀጣዩ ሞዴል ላይ ማንኛውም ስርዓት ያለ ልዩ ድራይቨር የሚያናግረው ክፍት አሠራር ላስገባ አስባለሁ፣ አለቆቼን ለማሳመን ከናንተ የሚሞክርልኝ ሰው እፈልጋለሁ ይላል። «እባክዎ» ብሎ ነው የጨረሰው።

ሥራ አልሄድኩም። ጉንፋን አልኳቸው።

ኖቬምበር 7

የእኔን መልስም አገኘሁት። ለእሱ ብቻ አልላኩትም፤ ለሁሉም በተገለጠው የጋራ መጻጻፊያችን ላይ ነው ያወጣሁት። ስሙን ሙሉውን ጠቅሼ። በዓይነ ስውራን ጣት የሚነግድ ብዬዋለሁ። ሰባ ሁለት ሰው አመስግኖኛል። የምስጋናዎቹን ብዛት ያኔ ቆጥሬያቸው ስለነበር ነው ቁጥሩ ዛሬም ያልጠፋኝ።

ታውኖን አልጠየቅኩትም። ለእሱ ነው ብዬ የጻፍኩት፣ ግን አልጠየቅኩትም።

ኖቬምበር 9፣ ቅዳሜ

ለሮልፍ ኤንግብሎም ጻፍኩ። አራት ጊዜ ጀመርኩ። በመጀመሪያው ኩባንያውን ወቀስኩ። በሁለተኛው ሕጉን። በሦስተኛው ፍሌሚንግን። አራተኛው አጭር ሆነ፦ ደብዳቤዎን እስከ መጨረሻው ሳላነብ በሰው ፊት አዋረድኩዎት። ጥፋተኛ ነኝ። ይቅርታ እጠይቃለሁ። እርዳታ የሚፈልግ ሰው አለ፤ እኔ አይደለሁም።

ኖቬምበር 13

አልመለሰም። እኔም ብሆን አልመልስም ነበር።

ኖቬምበር 15

የሒሳቡ መጽሐፍ ለሌላ አራሚ ተሰጠ። ማይላ ሦስት ቃል ብቻ ጻፈችልኝ። «መጽሐፉ ሄደ ዛሬ።»

ኖቬምበር 16፣ ቅዳሜ፣ ቶይያላ ጣቢያ

ኤንግብሎም ትናንት ማታ መሽቶ መለሰ፦ ነገ ቶይያላ ላይ ባቡር እቀይራለሁ፣ አርባ ደቂቃ አለኝ። አሁን ሄደ። ገና ሳይጠፋኝ ልጻፈው።

ያሰብኩት ሰው አልነበረም። ሸበቶ፣ ቀጭን፣ የሹራቡ ክርን የተጣፈ። ሻይ አዝዞ ሳይጠጣ ያማስል ነበር።

«ሁለተኛውን ገጽ አንብበውት ነበር?» አለኝ ገና ከመቀመጤ።

አላነበብኩትም አልኩ።

«እንደዚያ መስሎኝ ነበር» አለ። ከዚያ መስኮቱን እያየ፣ «እርስዎ የጻፉትን ልጄ አንብባዋለች። አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። የክፍል ጓደኞቿ ስሜን ፈልገው አገኙት። አባባ፣ ከዓይነ ስውራን ትሰርቃለህ እንዴ አለችኝ።»

ይቅርታ አልኩት። ቀና ብሎ አላየኝም፣ ግድ የለም አላለም። ማንኪያውን አስቀመጠ።

ቁልፉ አስመስለው በርካሽ የሚሠሩ ሰዎችን ለመከላከል የገባ ነው አለኝ። አላሳመነኝም፤ አሁንም ዓይን ያወጣ ነገር ነው እላለሁ፤ እዚያ ግን ዋጥኩት። ክፍቱን አሠራር አለቆቹ ከደብዳቤዬ በኋላ አንቀበልም አሉት። እሱ ግን ሙሉ በሙሉ አላወጣውም፤ ፋብሪካው ሰሌዳዎቹን የሚፈትሽበት እሱ ስለሆነ እንዲቀር አደረገ። በሰሌዳው ግራና ቀኝ ዳር ያሉትን መጫኛ ቁልፎች አንድ ላይ ተጭነው ሰሌዳውን ቢያበሩት ያንን የጥያቄና መልስ ጣጣ ትቶ በተለመደው መንገድ ይናገራል።

«ይህን በመንገርዎ ችግር አይገጥምዎትም?» አልኩት።

«ለጥገና ቤቶች ሁሉ በምንልከው ወረቀት ላይ የተጻፈ ነው። ምስጢር አይደለም። የሚጠይቀን ሰው ስላልነበረ ነው።» ወረቀቱን ከቦርሳው አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረልኝ።

ከሁለት ወር በላይ። ሁለት ቁልፍ መጫን ነበር።

ባቡሩ ሲመጣ ተነሥቶ ኮቱን ለበሰ። «ሰውዬው ምን ይሠራል?» አለኝ። አራሚ ነው አልኩት። ራሱን ነቀነቀና ሄደ። ሻዩን አልጠጣውም።

ኖቬምበር 18

ወረቀቱን ለፍሌሚንግ ላክሁለት። ለማንም የሚታደል ከሆነ ጠበቃ የሚለው የለም፣ ጻፊ አለኝ። ስልክ ስለዘጋሁበት አላነሣውም። እኔም አላነሣሁትም። ማንሣት ነበረብኝ።

ኖቬምበር 21

ኮድ። ኮድ። ሮልፍ በተለመደው መንገድ ይናገራል ቢልም፣ ወረቀቱ እንደሚያሳየው ከየሕዋሱ በላይ ያሉትን ትንንሽ ቁልፎች ቁጥር የሚልከው ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ነው። ለፋብሪካ ፈታሽ ግድ አይሰጠውም። ለሚያነብ ሰው ግን ቀኝ ሲል ግራ ይወስደዋል። ያንን ማቃናት። ቀሪው ሦስት መቶ መስመር አይሞላም።

ኖቬምበር 24፣ እሑድ፣ ዩቫስኪላ

ትናንት ጠዋት ደረስኩ። ከውጭ የመጀመሪያው ደህና በረዶ ወርዷል። ማይላ ፈረቃ ነበራት፤ እኔና ታውኖ ብቻ ነበርን። የእጅ ፊደሉን ሁለት ሳምንት ፓምፕ ክፍሉ ውስጥ በራሴ መዳፍ ላይ ስለማመድ ሰንብቻለሁ፤ ፔንቲ አብዳለች ብሏል።

የመጀመሪያው ሙከራ ላይ ሰሌዳው ነቃ፣ ነጠብጣቦቹ ተነሡ፣ ግን ታውኖ ያነበበው ወሬ ትርጉም አልነበረውም። የታችኞቹን ሁለት ነጠብጣቦች አቀያይሬያቸዋለሁ። ፊደል በፊደል ጮክ ብሎ ይጠራል፣ እየሳቀ፤ የሰከረ ቄስ ይመስላል ይለኛል። ሳቁን ከሰማሁ ሦስት ወር ሊሆነኝ ነው።

አርሜ እንደገና አስነሣሁት። ስርዓቱ ሲነሣ የሚጽፋቸው መስመሮች አንድ በአንድ ጣቱ ሥር አለፉ፤ የኮምፒውተሩ ማስታወሻ ልክ፣ ዲስኩ፣ የኔትወርኩ ካርድ። እያንዳንዱን ድራይቨር እንደ ድሮ ጎረቤት በስሙ እየጠራ ሰላም አለው። መጨረሻ ላይ የእኔ መጣ። «የብሬል ሰሌዳ ተገኝቷል፣ አርባ ሕዋስ።»

ቆመ። መስመሩን ከመጀመሪያው ጀምሮ በዝግታ አነበበው። ከዚያ ጣቱን ሳያነሣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። 

ልተወው እችል ነበር። ደስታው ላይ ውኃ ባላፈስስ ይሻል ነበር ይሆናል። ግን እጁን ያዝኩና ነገርኩት። ፊደል በፊደል ሲሆን ሰበብ ለመደርደር አይመችም። «ከሦስት ዓመት በፊት ሊሰጡን ነበር። እምቢ አልኩ። ደብዳቤውን አልጨረስኩትም። ሰውዬውን በሰው ፊት ሰደብኩት። ላፕቶፑንም ልተውልህ እችል ነበር።» ይህን ለመጨረስ ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ። ሁለት ቦታ ተሳሳትኩና መለስኩት።

ታውኖ በዚያ ጮክ ባለ ድምፁ፣ «ላፕቶፑን አውቀዋለሁ» አለ። «ያን ቀን ማይላ ስትለምንሽ አጠገባችሁ ቆሜ ነበር፤ የለመነችሽን በኋላ ነገረችኝ። ወለሉ ይነግረኛል፤ አንቺ ስትጣደፊ አውቃለሁ።»

መዳፉን ፈለግኩ።

«ሃያ ዓመት ስለ እኔ ስትጣዪ፣ አንድ ቀን እኔን ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ? ፈርሚና አምጪልኝ እል ነበር። አንድ ቃል ነበር።»

ከዚያ እጁን ከእጄ አውጥቶ ኪሱ ውስጥ ከተተው። ሁለቱንም እጆቹን።  ብጮህ አይሰማኝም፣ ብጽፍ አያነብልኝም፣ ብንበረከክ አያየኝም። ማይላ እስክትመጣ እንደዚያው ተቀመጥን። ሰሌዳው መሐላችን ጠረጴዛው ላይ፣ ያንኑ መስመር ይዞ።

ኖቬምበር 30

አሁን ማንበብ ይችላል። ሁለት ጊዜ ጻፍኩለት። ዝም።

ሠራሁለት እኮ። በስተመጨረሻ የሠራው ማን ነው? ምናለ አንዲት መስመር…

አይ። ሰረዝኩት። ይታያል እንጂ ተሰርዟል።

ዲሴምበር 3

ማይላ ደወለች። ታውኖ ጠዋት ከእሷ ቀድሞ ይነሣል አለች። ከሴፕቴምበር ጀምሮ የተጠራቀመውን ኢሜይል ከታች ወደ ላይ እያነበበ ነው፤ አንዱንም አልዘለለም። አሳታሚው በጃንዋሪ የሚጀመር የጂኦግራፊ መጽሐፍ ልኮለታል። ሒሳቡ ግን ሄዷል፤ የተሰጠው ሰው ደህና አራሚ ነው ይላል ታውኖ፣ ግን ቁጥር ላይ ይቸኩላል።

ስለ እኔ ምን አለ ብዬ መጠየቅ አፈርኩ። ራሷ ነገረችኝ። «ተቆጥቷል» አለች። «ተይው ይቆጣ። ሦስት ወር ሙሉ የመቆጣት አቅም እንኳ አልነበረውም።»

ዲሴምበር 6

የነፃነት ቀን። መስኮት ላይ ሁለት ሻማ፤ ማዶ ባለው ሕንፃ ሁሉም መስኮት እንዲሁ። ብቻዬን ሳውና ገባሁና ወጣሁ። ኢሜይል ጠበቀኝ፤ ከታውኖ። ለእኔም፣ ለፍሌሚንግም፣ ለሮልፍ ኤንግብሎምም ግልባጭ አድርጎ።

አጭር ነው። ከዛሬ ጀምሮ በብሬል ጉዳይ ከየትኛውም ኩባንያ ጋር የሚጻጻፈው እኔ ነኝ ይላል። ሰነድ በፊርማ ከሰጡ እኔ እፈርማለሁ፣ አልፈርምም ካልኩም እኔ ነኝ አልፈርምም የምለው። ሂልካ ኮዱን ትጽፋለች፤ ሳላነበው ግን አይወጣም። ለአቶ ኤንግብሎም፦ የነጠብጣቦቹ ጥራት ድንቅ ነው፣ የግራው ዳር ቁልፍ ግን ይጠነክራል፣ በሚቀጥለው አስተካክሉት።

ፍሌሚንግ በአምስት ደቂቃ ተስማማ። ሮልፍ ቁልፉን ልብ እንደሚለው ጻፈ። ለእኔ የተጻፈ ነገር በውስጡ አልነበረም፤ ስሜ ሦስተኛው መስመር ላይ ብቻ ነው ያለው።

ደብዳቤ የማይጽፍ የድራይቨር ጸሐፊ። በሃምሳ ሰባት ዓመቴ። ስንት ሰው ከኩባንያዎቹ ጋር ሲሽኮረመም እኔ ነበርኩ አፌን ሞልቼ የተናገርኩት፤ አሁንም ያ የጥያቄና መልስ ቁልፍ ግፍ ነው፣ ነገም ግፍ ነው እላለሁ። ግን ግፉ በማን ላይ እንደተፈጸመ የሚያውቀው ሰው ይጻፈው። እስማማለሁ ብዬ መለስኩ። አንድ ቃል።

ዲሴምበር 8፣ እሑድ

በድራይቨሩ ፋይል አናት ላይ፣ ኃላፊ በሚለው ቦታ፣ ስሜን አጥፍቼ ታውኖ ሄይኖነን ብዬ ጻፍኩና እንዲያየው ላክሁለት።

በአርባ ደቂቃ መለሰልኝ። ሦስት ስህተት ነቅሶብኛል። አንደኛው «ተገኝቷል» የሚለው ቃል ላይ ፊደል ገድፌያለሁ፤ ያን ቀን ከመጀመሪያው ጀምሮ በዝግታ ያነበበው ለካ ለዚያ ነው። ሁለተኛው፣ ሽቦው በድንገት ሲነቀል ከኮምፒውተሩ ማስታወሻ ይዤ የማልመልሰው ቦታ አለ ይላል፤ ልክ ነው። ሦስተኛው የቁልፎቹን አቆጣጠር ከዜሮ ሳይሆን ከአንድ ጀምሪ ይላል።

ከአንድ። ኮድ ጸሐፊ ሁሉ ከዜሮ ይቆጥራል፤ በየትኛው አገር ነው ከአንድ የሚቆጠረው? ሁለቱን አርሜ ላክሁ። በሦስተኛው አልስማማም፤ ምክንያቴን ገጽ ተኩል ጽፌ፣ ወደ ግማሽ ገጽ ቀንሼ፣ መጨረሻው ላይ «አንተስ ምን ትላለህ?» ብዬ ጨምሬበት አያይዤዋለሁ።